ኦምብሬን ቤት ውስጥ መቀባት፦ ለጥቁር ከርሊ ጸጉር

«ከላይ ጥቁር ሆኖ ወደ ታች ሲወርድ እየፈካ የሚሄደውን ቀለም፣ ኦምብሬን፣ እኔም ቤቴ ልሠራው እችላለሁ?» እህቶቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ጸጉሬን ባዩ ቁጥር የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። አዎ፣ ትችያለሽ። ግን በስልክ ሳስረዳ ሁሌ አንድ ነገር ይረሳኛል። የተረሳው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ጸጉር የሚያበላሸው ነው። ስለዚህ ሁሉንም እዚህ በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

መመሪያው ቀለም ነክቶት ለማያውቅ፣ ቢያንስ ትከሻ ለሚደርስ ጥቁር ጸጉር ነው። የምንፈልገው ጫፉ ቡናማ፣ ካራሜል ወይም የመዳብ መልክ እንዲይዝ ነው። ነጭ ብሎንድ አይደለም። ጥቁር ጸጉር በአንድ ቀን ብሎንድ አይሆንም። እንዲሆን ካስገደድሽው ይበጣጠሳል።

መጀመር የሌለባት ማን ናት?

ሪላክሰር የተሠራ ጸጉር ካለሽ ተዪው። ሪላክሰር ጸጉርን የሚለሰልሰው ውስጡን አጥብቀው የያዙትን ትስስሮች ፈትቶ ነው። ብሊችም፣ ማለትም ጥቁሩን ጸጉር የሚያፈካው ኬሚካል፣ እነዚያኑ ትስስሮች ይነካል። አንዱ የፈታውን ሌላው ሲጨርሰው ጸጉሩ እጅሽ ላይ ይቀራል።

ሂና ተቀብተሽ ከሆነም ቆም በይ። ንጹሕ የሂና ቅጠል ብዙም አያሰጋም። በፓኬት የሚሸጠው ግን አንዳንዴ የብረት ጨው ይቀላቀልበታል። ይህ ጨው ከብሊች ጋር ሲገናኝ ይግላል፣ ሊጨስም ይችላል፣ ጸጉሩም ይቆረጣል። ፓኬቱ ውስጥ ምን እንደነበረ እርግጠኛ ካልሆንሽ፣ ሂና የነካው ክፍል አድጎ እስኪቆረጥ ጠብቂ።

የራስ ቅል ቆዳሽ ላይ ቁስል ካለ እስኪድን ቆዪ። አስም ካለብሽ የብሊች ዱቄት ብናኝ ሊያስነሳብሽ ስለሚችል ይህን ሥራ ለባለሙያ ተዪ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ መጀመሪያ ሐኪምሽን ጠይቂ። ከዚህ በፊት የጸጉር ቀለም ወይም «ጥቁር ሂና» የሚባለው አሳክኮሽ ወይም አሳብጦሽ ከሆነ፣ በዚህ መመሪያ አትጠቀሚ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የብሊች ዱቄት፣ 60 ግራም ገደማ (ጸጉርሽ ብዙ ከሆነ 90)
- 6 በመቶ ዴቨሎፐር፣ ማለትም ዱቄቱ የሚበጠበጥበት ክሬም። ጠርሙሱ ላይ «20 ቮልዩም» ተብሎም ይጻፋል። 60 ግራም ዱቄት 120 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል
- አሞኒያ የሌለው ቀለም ወይም ቶነር (ብሊች ያወጣውን ቀለም የሚያበርድ) ከነራሱ ማዋሃጃ
- የፕላስቲክ ወይም የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን፤ ብረት አይሆንም
- ሁለት የቀለም ብሩሾች፣ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ
- ሦስት ጥንድ ጓንት፣ አሮጌ ፎጣ፣ የማትሳሺለት ቲሸርት
- ጥርሱ ሰፊ የሆነ ማበጠሪያ፣ ጭራ ያለው ማበጠሪያ
- የጸጉር መያዣ ክሊፕ፣ ስምንት ቢሆን ጥሩ ነው
- ቫዝሊን፣ ሻምፖ፣ ኮንዲሽነር፣ የጸጉር ማስክ
- ፎይል ወይም በቁመቱ የተቆረጠ ንጹሕ ፌስታል
- ሰዓት የሚቆጥርልሽ ስልክ
- በጀሪካን የተቀዳ 20 ሊትር ውኃ

የመጨረሻውን ቀላል ነው ብለሽ አትለፊው። ብሊች ጸጉር ላይ እያለ ውኃ ቢጠፋ ሰዓቱን የሚያቆምልሽ ነገር የለም። ቧንቧው አሁን እየወረደም ቢሆን ቅጂ።

ሱቅ ውስጥ 9 በመቶ (30 ቮልዩም) ወይም 12 በመቶ (40 ቮልዩም) «ቶሎ ይሠራል» ብለው ሊሰጡሽ ይችላሉ። እምቢ በይ። ቶሎ መሥራቱ እውነት ነው። ግን ጸጉሩንም ቶሎ ይጎዳዋል፤ አንቺ ደግሞ ከጥቁሩ ወደ ፈካው የሚወስደውን ሽግግር በእጅሽ ለመሥራት ጊዜ ያስፈልግሻል። 6 በመቶው ያንን ጊዜ ይሰጥሻል።

ቀለሙን ስትመርጪ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር እዪ። የመጀመሪያው አኃዝ የቀለሙን ድምቀት ይነግርሻል፤ 1 ጥቁር ነው፣ 10 በጣም የነጣ ብሎንድ ነው። ለካራሜል 6 ወይም 7 ይበቃል። ከነጥቡ በኋላ ያለው አኃዝ ቀለሙ ወደ ወርቃማ፣ ወደ መዳብ ወይም ወደ አመድማ ማዘንበሉን ያሳያል። ይህኛው ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ስሙንም አንብቢ።

1. ከሁለት ቀን በፊት ቆዳሽን ፈትኚ

ጥቂት ቀለም በማዋሃጃው በጥብጠሽ ከጆሮሽ ኋላ ወይም ክንድሽ መታጠፊያ ላይ ቀቢ። 48 ሰዓት ጠብቂ። የቀለም አለርጂ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይታይም፤ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ነው የሚወጣው። ካሳከከሽ፣ ከቀላ ወይም ካበጠ ያ ቀለም ላንቺ አይሆንም። ባለፈው ዓመት ተቀብተሽ ምንም ባትሆኚም ዘንድሮ ፈትኚ፤ አለርጂ ቆይቶም ይጀምራል።

2. በዚያው ቀን አንድ ዘለላ ጸጉር ሞክሪ

ከማጅራትሽ በላይ፣ ከውስጥ በኩል ቀጭን ዘለላ ለዪ። አንድ የሻይ ማንኪያ ብሊች በሁለት ማንኪያ ዴቨሎፐር በጥብጠሽ ጫፉ ላይ ቀቢና በየ5 ደቂቃው እዪው። ብርቱካናማ የሆነበትን ደቂቃ ጻፊ። የዋናው ቀን ሰዓትሽ እሱ ነው። አጥበሽ ስታደርቂው ከተበጣጠሰ ወይም እንደ ማስቲካ ከተለጠጠ እዚህ ላይ አቁሚ። አንድ ዘለላ ብቻ ነው የጠፋው።

3. ከአንድ ቀን በፊት ታጠቢ

ቅቤ፣ ዘይት ወይም ፖማድ ያለበት ጸጉር ብሊችን አያስገባም። ቅባቱ በዛ ያለበት ቦታ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ቅቤ ከተቀባሽ በሻምፖ ሁለት ጊዜ ታጠቢ። በሥራው ዕለት ጠዋት ግን አትታጠቢ፤ በአንድ ቀን ውስጥ የሚመለሰው ትንሽ ወዝ የራስ ቅል ቆዳሽን ይከላከልልሻል።

4. ሽግግሩ የሚጀምርበትን ቦታ ጸጉርሽ ተጠቅልሎ እያለ ወስኚ

ከርሊ ጸጉር ሲሳብ ሌላ ነው፣ ሲለቀቅ ሌላ ነው። ብዙዎች ጸጉራቸውን በፎን ስበው አገጭ ላይ መስመር ያወጣሉ። ከዚያ ሲታጠቡ ጸጉሩ ይሰበሰብና ቀለሙ ጆሮ ላይ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ጸጉርሽ ደርቆ፣ በራሱ ጥቅልል ላይ ሆኖ መስታወት ፊት ቁሚ። ቀለሙ እንዲጀምር የምትፈልጊበት ቦታ ላይ በቀኝ፣ በግራና በኋላ ትንንሽ ክሊፕ አድርጊ። ከዚያ በኋላ ብቻ ጸጉሩን ሳቢው። ክሊፑ ከጸጉሩ ጋር ወደ ታች ይወርዳል፤ ትክክለኛው ቦታ ያ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ዝቅ አድርገሽ ጀምሪ። ሌላ ጊዜ ከፍ ማድረግ ትችያለሽ። ከፍ ያለውን ዝቅ ማድረግ ግን በመቀስ ነው።

5. ጸጉርሽን መድቢ

ፎን ካለሽ በትንሽ ሙቀት ሳቢው፤ ከሌለሽ ከዋዜማው ወፈር ወፈር አድርገሽ ጎንጉኚውና ጠዋት ፍቺው። ከግንባር እስከ ማጅራት፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ለሁለት ለሁለት እየለየሽ አራት ቦታ መድቢ። እያንዳንዱን ምድብ ደግሞ እንደ ጸጉርሽ ብዛት ከአራት እስከ ስድስት ዘለላ አድርጊው። ዘለላው ቀጭን ካልሆነ ብሊቹ ውጭውን ቀብቶ ውስጡን ጥቁር ይተወዋል። ግንባርሽ፣ ጆሮሽና ማጅራትሽ ላይ ቫዝሊን ቀቢ።

6. በጥብጪ

መስኮት ክፈቺ፣ ጓንት አድርጊ። 30 ግራም ዱቄት በ60 ሚሊ ሊትር ዴቨሎፐር፣ ማለትም አንድ እጅ ለሁለት እጅ። ፓኬቱ ሌላ መጠን ካዘዘ የፓኬቱን ተከተይ። ዱቄቱ እንዳይቦን ቀስ ብለሽ ጨምሪ። እንደ ወፍራም እርጎ ሲሆን ልክ ነው። ከቀጠነ ይንጠባጠባል፣ ያልፈለግሽውንም ቦታ ያነጣል።

ሁሉንም ባንዴ አትበጥብጪ። ብሊች ከተበጠበጠ በኋላ ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። የመጀመሪያው ለኋላው ነው፤ የፊቱን ስትጀምሪ ሌላ 30 ግራም አዲስ በጥብጪ። የብረት ሳህን የከለከልኩሽም ብረት ዴቨሎፐሩን ቶሎ ሊያፈርሰው ስለሚችል ነው። ፎይሉ ግን ችግር የለውም።

7. ጫፉን ቀቢ

ከኋላ ጀምሪ፤ እዚያ ብትሳሳቺም አይታይም። ክሊፕ ካደረግሽበት ቦታ አራት ጣት ዝቅ በይና ከዚያ በታች ያለውን ብቻ በሰፊው ብሩሽ ቀቢ። ዘለላውን ገልብጠሽ ከሥር በኩልም ቀቢ። በጓንትሽ ጨመቅ ጨመቅ አድርጊው፣ ውስጡ እንዲገባ። ከዚያ በፎይል ወይም በፌስታል ላላ አድርገሽ ሸፍኚው። ብሊች ከደረቀ መሥራት ያቆማል፤ መሸፈኛው እርጥበቱን ለማቆየት ነው። ፎን ወይም ካስክ አታስጠጊበት። ሙቀት ፍጥነቱን ስለሚጨምረው ከቁጥጥርሽ ይወጣል።

ብቻሽን ከሆንሽ የኋላውን እስከ ደረጃ 9 ጨርሰሽ በእርጥብ ፎጣ ደጋግመሽ ጥረጊው፤ ከዚያ ወደ ፊቱ እለፊ። እህት ወይም ጓደኛ ከኋላ ብትረዳሽ ግን ሁሉም ባንዴ ያልቃል፤ እኔ የምመክረውም ይህንን ነው።

8. ሽግግሩን ሥሪ

ኦምብሬ የሚያምረው ወይም የሚበላሸው እዚህ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ እኔ ጫፉ ላይ ብቻ ተጠንቅቄ ሽግግሩን ረሳሁት። ጸጉሬ ቀለም ውስጥ ተነክሮ የወጣ ይመስል ነበር፤ ቀጥ ያለ መስመር። ሽግግርን የሚሠራው የቀለሙ ዓይነት አይደለም። ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ብሊቹ ጸጉሩ ላይ የሚቆይበት ደቂቃና የሚቀባው መጠን። ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር ሁለቱም ማነስ አለባቸው።

ጫፉ ከተቀባ 15 ደቂቃ ሲሞላው ሽፋኑን ክፈቺ። አሁን ጠባቡን ብሩሽ ውሰጂ። ጫፉን ብቻ ብሊች ንኪና ትርፉን ሳህኑ ጠርዝ ላይ ጥረጊው። ብሩሹን አታጋድሚው። ቀጥ አድርገሽ ያዢውና ከተቀባው ጫፍ ተነስተሽ ወደ ላይ፣ ወደ ክሊፑ፣ ላባ እንደሚነካ ሰው ቀስ እያልሽ ሳቢው። ዘለላው መሐል ላይ ከፍ በይ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ዝቅ በይ። የተገለበጠ «ቪ» ዓይነት ቅርጽ ይወጣል።

ቀጣዩ ዘለላ ላይ ቁመቱን ቀይሪ። አንዱ ክሊፑ ድረስ ይድረስ፣ ጎረቤቱ ሁለት ጣት ዝቅ ይበል፣ ሌላው መሐል ላይ ይቁም። ሁሉም እኩል ከወጡ ጸጉሩ ሲለቀቅ መስመር ሆነው ይታያሉ። ከተበላለጡ ዓይን መነሻውን አያገኘውም።

ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ቆይተሽ በጓንትሽ የተቀባውን የላይኛውን ክፍል በሁለት ጣት ያዢና አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ አሸት አድርጊው። አዲስ ብሊች አትጨምሪ። ጣትሽ ላይ የቀረው ይበቃል። ይህች ትንሽ እንቅስቃሴ በጥቁሩና በቡናማው መካከል ያለውን ድንበር ታደበዝዘዋለች።

ለቀጥተኛ ጸጉር የተሠሩ ቪዲዮዎች ጸጉሩን በማበጠሪያ ወደ ላይ እየገፉ ማንጨባረርን ያሳያሉ። ከርሊ ጸጉር ላይ አታድርጊው። ስትፈቺው ብሊች ያሳሳውን ጸጉር ትበጥሺዋለሽ።

9. ቀለሙን ተከታተይ

በየ5 ደቂቃው አንድ ዘለላ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽ እዪ። ጥቁር ጸጉር ሲፈካ ይህን መንገድ ይሄዳል፦ ቀይ ቡናማ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ወርቃማ ቢጫ። ብዙ ሴቶች ብርቱካናማውን ሲያዩ ይደነግጣሉ። አትደንግጪ፣ አልተበላሸም። በጸጉርሽ ውስጥ ጥቁሩ ቀለም ቀድሞ ይጠፋል፤ ቀዩና ቢጫው ኋላ ይቀራሉ። ለካራሜልና ለመዳብ የምንፈልገው መሠረት ደግሞ ይኸው ብርቱካናማ ነው።

ጫፉ ብርቱካናማ ሲሆን አቁሚ። ባይሆንም፣ ጫፉ ከተቀባበት ደቂቃ ጀምሮ 45 ደቂቃ ሲሞላ አቁሚ፤ ፓኬቱ ከዚያ ያነሰ ከጻፈ በፓኬቱ አቁሚ። ከዚያ በኋላ የሚጨምረው ጉዳት እንጂ ቀለም አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ቆዳሽን ማቃጠል ከጀመረ ሰዓቱን ሳትጠብቂ ታጠቢ። ዓይንሽ ውስጥ ከገባ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ 15 ደቂቃ አጥቢውና ሐኪም ቤት ሂጂ። ፊትሽ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረሽ ወዲያው ሆስፒታል ሂጂ።

10. እጠቢው

ለብ ባለ ውኃ፣ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ እጠቢው። አንድ ጊዜ ብቻ በሻምፖ። አትፈትጊው፤ የረጠበ ብሊች ያለፈበት ጸጉር በጣም ደካማ ነው። ከዚያ አንድ ነጠላ ጸጉር ቀስ ብለሽ ሳቢ። ተስቦ ከተመለሰ ደህና ነው። ተስቦ ከቀረ ወይም ከተበጠሰ ዛሬ ቀለም አትቀቢ። ማስክ አድርጊና ሁለት ሳምንት አሳርፊው።

11. ቀለሙን ወይም ቶነሩን ቀቢ

በፎጣ ጠጥቶ እርጥብ በሆነ ጸጉር ላይ ነው የሚቀባው። ብርቱካናማውን ማብረድ ከፈለግሽ ሰማያዊ መሠረት ያለው፣ ወይም ስሙ ላይ «አሽ» የሚል ምረጪ። ሐምራዊ ቶነር የሚያበርደው ቢጫን ነው፤ ብርቱካናማ ላይ ብዙም ለውጥ አታዪበትም። መዳብ ወይም ሞቅ ያለ ካራሜል ከፈለግሽ ግን ማብረድ አያስፈልግሽም። በጠይም ፊት ላይ ሞቅ ያለው እጅግ ያምራል፤ እኔ ሁሌ እሱን ነው የምመርጠው።

ጫፉን ቀብተሽ የተረፈውን ብሊቹ ካቆመበት ሁለት ጣት ከፍ አድርገሽ አሸት አሸት አድርጊው። ሽግግሩ ላይ የቀረውን ቀይ ስለሚሸፍን ጥቁሩና ካራሜሉ ይዋሃዳሉ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቂ፣ ግን ከግማሹ ጀምሮ እየጠረግሽ እዪ። ብሊች ያለፈበት ጸጉር ቀለም ቶሎ ይጠጣል፣ ካሰብሽውም ሊጠቁር ይችላል። ስትጨርሺ ያለ ሻምፖ ታጠቢ፣ ኮንዲሽነር አድርጊ።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስህተቶች

መስመር ወጣ። ብሊች አትጨምሪበት። ቁጥሩ 4 የሆነ ቡናማ ያለ አሞኒያ ቀለም ግዢና ከመስመሩ በላይ ጀምረሽ፣ ብሩሹን ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ፣ አሁን ወደ ታች እየሳብሽ አሳሺው። አንዱን ዘለላ ረዘም፣ ሌላውን አጠር። መስመሩ ይሰወራል።

ብርቱካናማው አስደንግጦ በዚያው ቀን ሁለተኛ ብሊች። የሚቆረጠው ጸጉር በብዛት የሚቆረጠው እዚህ ነው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ በየሳምንቱ ማስክ፣ ከዚያ እንደገና የዘለላ ሙከራ።

ሁሉንም በጥቁር ቀለም መሸፈን። ጥቁር ቀለም መቀባት ቀላል ነው። ማውጣቱ ግን የራስን ጥቁር ጸጉር ከማፍካት የባሰ ከባድ ነው።

የተረፈውን ብጥብጥ ጠርሙስ ውስጥ ከድኖ ማስቀመጥ። ጋዝ ያወጣል፣ ጠርሙሱም ሊፈነዳ ይችላል። ሳህኑን በብዙ ውኃ አጥበሽ ድፊው።

በብሊች ቅንድብ ማፍካት። ከዓይን አጠገብ ስለሆነ በፍጹም አይሞከርም።

12. ከዚያ በኋላ

ለሦስት ቀን አትታጠቢ፣ ቀለሙ ይያዝ። በሳምንት አንዴ ማስክ አድርጊ፤ ብሊች የጸጉሩን ልባስ ስለሚከፍተው እርጥበት ቶሎ ያመልጠዋል። ቅቤ መቀባት ከወደድሽ ጸጉሩን ውኃ ካስነካሽው በኋላ ቀቢ። ቅባት ያለውን እርጥበት ይይዛል እንጂ ደረቅ ጸጉርን ብቻውን አያረጥብም።

ለሁለት ሳምንት ፒያስትራ ይቅር። ስትመለሺበትም ሙቀቱ ከ180 ዲግሪ አይለፍ። ለእነዚያው ሁለት ሳምንታት ጠበቅ ያለ ሹሩባም አትሠሪ፤ የተዳከመው ብሊች የነካው ክፍል ነው፣ ሲወጠር ከዚያ ይበጠሳል። ማታ በሳቲን ሻሽ እሰሪው።

ሥሩ ሲያድግ ምንም አታድርጊ። የራስሽ ጥቁር ስለሆነ ሽግግሩ ዝቅ እያለ ይሄዳል እንጂ አይበላሽም። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ገደማ ቀለሙ ሲደበዝዝ ደረጃ 11ን ብቻ ድገሚ፣ ያለ ብሊች። በየሦስት ወሩ ደግሞ ከጫፉ አንድ ጣት የማይሞላ አስቆርጪ።